ቴስታታ ከማሰርህ በፊት ፒስተኑን ለካ፦ የጓርኒሲዮን ውፍረት እንዴት ይመረጣል

መለዋወጫ ሱቅ ገብተህ «የ5 ኤል የቴስታታ ጓርኒሲዮን ስጠኝ» ስትል ሻጩ «ባለ ስንት?» ብሎ ከጠየቀህ እድለኛ ነህ። (5 ኤል የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ነው፤ ቴስታታ የሞተሩ ክዳን፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ በክዳኑና ሲሊንደሮቹ ባሉበት ብሎክ መካከል የሚገባው ማሸጊያ።) ብዙዎቹ አይጠይቁም። ከመደርደሪያው ያገኙትን ያወርዱና አቧራውን እፍ ብለው ይሰጡሃል። አንተም ቀዳዳዎቹን ከአሮጌው ጋር ታመሳክራለህ፣ ገጠሙ፣ ከፍለህ ትወጣለህ። ችግሩ ቀዳዳው ለሁሉም አንድ ነው፤ ውፍረቱ ግን አንድ አይደለም።

እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ሊማሊሞ ዳገት ላይ ሞቆ ጓርኒሲዮን የበላ ሚኒባስ መጣልኝ። ቴስታታው ተጣሞ ነበር፤ ሬቲፊካ ቤት ልኬ አስላግኩት። ከዚያ በራሴ ብልጠት «ቴስታታው ስለሳሳ ወፍራም ጓርኒሲዮን ይካሰው» ብዬ ከሁሉም ወፍራሙን ጫንኩበት። ጎንደር ላይ ተነሳ፤ አዘዞ ደርሼ ተመለስኩ፤ ምንም አላለም። ሹፌሩ ጋሼ ደባርቅ ባደሩ በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «አንተ ልጅ፣ ሞተር ነው የሠራህልኝ ወይስ ብርድ ነው የጫንክብኝ?» አሉኝ ጋሼ። ሞተሪኖው (ማስነሻው) እስኪደክም አዙረውታል፤ ነጭ ጭስ ብቻ። በመጨረሻ ሰው ተሰብስቦ በግፊ ነው የተነሳው።

ሞተሩን መልሼ ስፈታው ነው የገባኝ። ውፍረቱን የሚወስነው ቴስታታው አልነበረም። ፒስተኑ ነበር። እኔ ደግሞ ፒስተኑን አለካሁትም።

ውፍረቱ ምን ይለውጣል

ፒስተኑ ታች ሲሆን በላዩ ያለው ቦታና ላይ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ ሲካፈሉ ኮምፕሬሽን ሬሾ ይባላል። ጓርኒሲዮኑ የሚገባው ከሚቀረው ትንሽ ቦታ ውስጥ ነው። ስለዚህ የፀጉር ያህል ልዩነት እንኳ ቁጥሩን ያንቀሳቅሰዋል።

በቁጥር እንየው። የቶዮታ 5 ኤል ሲሊንደር ስፋቱ 99.5 ሚሊ ሜትር፣ ፒስተኑ የሚሄደው ርቀት 96 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ ሲሊንደር ወደ 746 ሲሲ ይይዛል ማለት ነው። የፋብሪካው ሬሾ 22.2 ስለሆነ 746ን ለ21.2 ታካፍላለህ (ከሬሾው ሁልጊዜ 1 ቀንስ)። ፒስተኑ ላይ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 35.2 ሲሲ ገደማ ይሆናል። አንድ ሲኒ ቡና እንኳ አይሞላም። ጓርኒሲዮኑ 0.1 ሚሊ ሜትር ሲወፍር በዚህች ቦታ ላይ ወደ 0.8 ሲሲ ይጨመራል፣ ሬሾውም ወደ 21.7 ይወርዳል። እኔ እንዳደረግኩት በ0.2 ካወፈርከው 21.3 ይሆናል። በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ናፍጣ ግን የሚቀጣጠለው በታመቀው አየር ሙቀት ነው። የደባርቅ ጠዋት ብርድ፣ የ2850 ሜትር ስስ አየርና አንዲት የሞተች ካንዴሌታ (በብርድ እንዲነሳ የምታሞቀው) ሲጨመሩበት አለቀ። (አዎ፣ ካንዴሌታዋም ሞታ ነበር። ጥፋቱ ሁሉ የኔ አልነበረም ለማለት ነው።)

በተቃራኒው ስትሳሳት ይብሳል። ጓርኒሲዮኑ ሲሳሳ ሬሾው ይወጣል፣ ፒስተኑም ለቴስታታው ይጠጋል። ሞተሩ ሲሞቅና ሲፈጥን ቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ) በጥቂቱ ይለጠጣል፣ ካርቦንም ይከማቻል፤ በመሃል የቀረችው ክፍተት እዚያው ታልቃለች። ያን ጊዜ የምትሰማው ድምፅ በብርድ ካለመነሳት ችግር ይልቅ ብዙ ብር ያስወጣል።

አሮጌውን አትጣለው

ብዙ ሰው የተቃጠለውን ጓርኒሲዮን ገና ሲፈታ ወደ ቆሻሻ ይወረውራል። ተው። ዳሩን እይ። አንዳንዱ ጫፉ ላይ ጥርስ የመሰሉ ቁርጦች አሉት፤ አንዳንዱ ትንንሽ ቀዳዳዎች፤ የቶዮታዎቹ ደግሞ ፊደል አላቸው። ቁርጦቹ ወይም ቀዳዳዎቹ የውፍረት ምልክት ናቸው። ስንት እንደሆኑ ቆጥረህ ጻፍ፣ ፎቶም አንሳ።

ከዚያ በካሊፐር ለካው። የምትለካው በሲሊንደሩ ቀዳዳ ዙሪያ ካለው የብረት ቀለበት ላይ ሳይሆን ከቡሎን ቀዳዳ አጠገብ፣ ያልተቃጠለውን ቦታ ነው። ሦስት አራት ቦታ ለካ። አሮጌው ታስሮ የተጨፈለቀ ስለሆነ የምታገኘው ቁጥር እውነተኛው የሥራ ውፍረት ነው። አዲሱን ግን በካሊፐር ለክተህ አትመን። በተለይ ፋይበር ያለበት ዓይነት ገና ያልተጨፈለቀ ስለሆነ ወፍሮ ይታያል። መጽሐፍ ላይ የሚጻፈው ከታሰረ በኋላ ያለው ውፍረት ነው።

አሮጌው ላይ ያለውን ምልክት ግን እንደ ፍርድ አትውሰደው። ካንተ በፊት የሠራው ሰው ለክቶ እንደጫነው ምን ማረጋገጫ አለህ? ፍንጭ ነው እንጂ መልስ አይደለም።

ከመለካትህ በፊት

የብሎኩን ፊት አጽዳ። በብረት መቧጨሪያ እየቧጠጥክ ጭረት አታውጣበት፤ በሚሽከረከር የሸራ ዲስክም አትምጣበት። ዲስኩ ሳታውቀው ይሰረስራል፣ አቧራውም ዘይት ውስጥ ገብቶ ብሮንዚን (ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርበትን ማረፊያ) ይበላል። የፕላስቲክ ወይም የነሐስ መቧጨሪያ፣ ትንሽ ቤንዚን፣ ብዙ ትዕግሥት።

የፒስተኑ አናት ላይ ያለውን ካርቦንም አንሳ። ይሄን ሳላደርግ ለክቼ 0.84 አግኝቼ ነበር። ካጸዳሁት በኋላ ያው ፒስተን 0.74 ሆነ። የለካሁት ጥላሸት ነበር ማለት ነው፤ በዚያ ቁጥር ብሄድ ኖሮ የማይገባውን ውፍረት ነበር የምገዛው።

ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በብሎኩ ላይ አጋድም። በርዝመቱ፣ በወርዱ፣ በሁለቱም ማዕዘን አቋርጥ፤ ከሥሩ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለኩ ስስ የብረት ቅጠሎች) ሞክር። ስንት እንደሚፈቀድ ከሞተሩ መጽሐፍ እይ፤ እንደ ሞተሩ ይለያያል። ከተፈቀደው ካለፈ ውፍረት መርጠህ አታድነውም። የተጣመመ ፊትን ወፍራም ጓርኒሲዮን አይደፍነውም፤ ደፈነ ቢባል እንኳ አዘዞ ሳይደርስ ይተፋል።

ብቅታውን መለካት

ዋናው ሥራ ይሄ ነው፤ አትቸኩል። በብዙ ናፍጣ ሞተር ላይ ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ከብሎኩ ፊት ጥቂት ከፍ ይላል። ለአጭሩ ብቅታ ልበለው።

ዳያል ጌጁን (ባለ መርፌ መለኪያውን) ማግኔት ባለው እግር ብሎኩ ላይ አቁመው። ጫፉን መጀመሪያ የጸዳው የብሎክ ፊት ላይ አሳርፍና ዜሮ አድርገው። ከዚያ ወደ ፒስተኑ አናት አሻግረው። ክራንክ ሻፍቱን በቁልፍ፣ በእጅህ፣ በዝግታ አዙር። መርፌዋ ትወጣለች፣ ትወጣለች፣ ትቆማለች፣ ከዚያ መመለስ ትጀምራለች። የቆመችበት ከፍተኛው ቁጥር ነው የምትፈልገው።

አንድ ነገር ልብ በል። ፒስተን ሲሊንደሩ ውስጥ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል። ከጎኑ ላይ ከለካህ መወዛወዙን ነው የምትለካው። ስለዚህ ጫፉን ፒኑ ባለበት መስመር ላይ፣ ማለትም ከሞተሩ ፊት ወደ ኋላ በሚሄደው መስመር ላይ አሳርፍ። በአንድ ፒስተን ሁለት ነጥብ፣ ለአራት ፒስተን ስምንት ቁጥር። በወረቀት ጻፋቸው። በጭንቅላቴ እይዘዋለሁ አትበል፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አንድ ሰው «ጎማ ትጠግናላችሁ?» ብሎ ይጠይቅሃል፣ ሁሉም ይጠፋል።

ዳያል ጌጅ ከሌለህ? ተዋስ። ካልተገኘ ግን ፒስተኑን ላይ አድርሰህ ቀጥ ያለ ወፍራም ብረት አናቱ ላይ አጋድምና በብረቱና በብሎኩ መካከል ያለውን ክፍተት በሁለቱም በኩል በፊለር ጌጅ ለካ። ሁለቱን ደምረህ ለሁለት አካፍል። ያን ያህል ጥንቁቅ አይደለም፤ ቁጥርህ ከሁለት ውፍረቶች ድንበር ላይ ካረፈ አትመነው። ከድንበሩ ከራቀ ግን ይሠራል።

አራቱ ፒስተኖች በጣም ከተለያዩ ቁም። አንዱ ከሌሎቹ ሩብ ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለ ቢዬላው ታጥፎ ይሆናል። ውሃ የገባበት ሞተር በሞተሪኖ ሲዞር ይሄ ይደርሳል፤ ውሃ አይታመቅም፣ ቢዬላው ነው የሚሰበረው ወይ የሚታጠፈው። ከአንዱ ጥግ የተገዛ ሌላ ዓይነት ፒስተንም ሊሆን ይችላል።

ከቁጥር ወደ ፊደል

በብዙ መጽሐፍ የሚወሰደው ከሁሉም የበለጠው ቁጥር ነው፤ ምክንያቱም የሚነካው ረጅሙ ነው። አንዳንድ አምራች አማካይ ውሰድ ይላል፤ የምትሠራውን ሞተር መጽሐፍ ተከተል።

ለቶዮታ ኤል ቤተሰብ (2 ኤል፣ 3 ኤል፣ 5 ኤል) ሦስት ውፍረት አለ። ብቅታው ከ0.68 እስከ 0.77 ከሆነ ቢ፣ ታስሮ ከ1.40 እስከ 1.50 ሚሊ ሜትር የሚሆነው። ከ0.78 እስከ 0.87 ከሆነ ዲ፣ ከ1.50 እስከ 1.60። ከ0.88 እስከ 0.97 ከሆነ ኤፍ፣ ከ1.60 እስከ 1.70። ብቅታውን ከውፍረቱ ስትቀንስ በሦስቱም 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቀራል። ፋብሪካው የሚጠብቀው ይህችን ክፍተት ነው። ፊደሎቹ ለውበት አይደሉም።

የኔ ደንበኛ ሞተር ከፍተኛው ብቅታ 0.74 ነበር። ቢ ይገባው ነበር። እኔ ኤፍ ጫንኩበት።

የሚያስፈልግህ ፊደል ሱቁ ውስጥ ከሌለ ይሄኛውም ያው ነው ቢሉህ አትስማ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ይግዛልህና በአውቶቡስ ይላክልህ። መኪናው ሁለት ቀን ቢቆም ይሻላል።

«ቴስታታው ተልጓል፣ ወፍራም ይሁን»

ይህን አባባል ጎንደር ውስጥ ያልሰማሁበት ጋራዥ የለም። ለቤንዚን ሞተር እውነትነት አለው። ለእንደ 5 ኤል ዓይነቱ ናፍጣ ግን አይሠራም። ለምን? የቴስታታው ፊት ጠፍጣፋ ነው። የማቀጣጠያዋ ክፍል ቴስታታው ውስጥ ገብታ ተደብቃለች። ጠፍጣፋን ስትልግ ያው ጠፍጣፋ ይቀራል፤ ከፒስተኑ በላይ ያለው ርቀት አይለወጥም። ብቅታው ያው ነው፣ ጓርኒሲዮኑም ያው ነው።

የሚለወጠው ሌላ ነገር ነው። ቫልቮላዎቹ ከቴስታታው ፊት ወደ ውስጥ ገባ ብለው ነበር፤ ሲላግ ለፊቱ ይቀርባሉ። የማቀጣጠያዋ ክፍል ክዳንም እንዲሁ። ሬቲፊካ ቤቱ የቫልቮላ መቀመጫውን ዝቅ አድርጎ ካልቆረጠ ቫልቮላው ለፒስተኑ ይጠጋል። ስለዚህ ቴስታታው ሲመለስልህ ቀጥ ያለ ብረት አጋድምበትና የቫልቮላዎቹን ጥልቀት ለካ፣ ከመጽሐፉ ጋር አስተያይ። የተበላሸውን በውፍረት አትሸፍነው።

ብሎኩ ራሱ ከተላገ ግን ሌላ ነው። 0.1 ከተነሳለት ብቅታው በ0.1 ይጨምራል፤ አንድ ፊደል ወደ ላይ ትወጣለህ። ሲሊንደር ካሚቻ (የሲሊንደሩ ውስጠኛ ቱቦ) ወይም ፒስተን ከተቀየረም ዳግም ለካ። የፋብሪካ ያልሆነ ፒስተን ቁመቱ ሊለይ ይችላል።

ቤንዚን ከሆነ

ብዙ ዝርዝር አልገባም፤ ቤንዚን ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ውፍረት ብቻ ነው የሚመጣው። ማቀጣጠያው ቦታ ግን ቴስታታው ውስጥ ስለተቆፈረ ሲላግ በእውነት ይጠባል። የ4 ኤ-ኤፍኢ ኮሮላን እንውሰድ፤ 81 በ77 ሚሊ ሜትር፣ ሬሾው 9.5። አንዱ ሲሊንደር 397 ሲሲ፣ ላይ የሚቀረው 46.7 ሲሲ ነው። ቴስታታው በ0.3 ሚሊ ሜትር ከተላገ ቢበዛ 1.5 ሲሲ ይጠፋል፣ ሬሾው ወደ 9.8 ይደርሳል። ይሄ ሞተር አይገድልም። ቀደም ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ የተላገ ከሆነ ግን ደምረው። እዚህ ጎንደር አየሩ ስስ ስለሆነ አይሰማህ ይሆናል፤ መተማ ወርደህ አየሩ ሲወፍርና ሲሞቅ ግን ጭነህ ቤንዚን ስትሰጠው ሞተሩ እንደ ጠጠር የሞላ ጣሳ ይንኳኳል። ለዚያ ወፍራም ጓርኒሲዮን የሚሸጥለት ሞተር ከሆነ ግዛለት።

ሁለት ጓርኒሲዮን ደርቦ መጫን ግን የለም። አይቻለሁ፣ በመሃላቸው ማስቲሽ የተቀባ ጭምር። ሁለት ሳምንት ቢቆይ ነው።

ስታስር

የቡሎኖቹን ቀዳዳዎች በአየር ንፋ። ታች ዘይት ወይም ውሃ ከቀረ ቡሎኑ ሲወርድ መሄጃ ያጣል፣ ብሎኩ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጥርሱን በስስ ዘይት እርጥብ አድርገው። ከመሃል ጀምረህ ወደ ዳር፣ በተራ፣ በሦስት ዙር፣ በቶርክ ሬንች (የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ ቁልፍ)። ልኩ ከመጽሐፉ ነው። አንዳንድ ቡሎን ሲታሰር ስለሚለጠጥ ሁለተኛ አያገለግልም፤ ርዝመቱን ከአዲስ ጋር አስተያይ። ያልተመጣጠነ እስራት የመረጥከውን ውፍረት በአንዱ ጥግ ወፍራም፣ በሌላው ስስ ያደርገዋል።

ጥርጣሬ ከገባህ ከመጨረሻው እስራት በፊት የልጆች ፕላስቲሲን ትንሽ ቆንጥረህ ፒስተኑ አናት ላይ አድርግ፣ ቴስታታውን በአሮጌው ጓርኒሲዮን ለጊዜው እሰር፣ ክራንክ ሻፍቱን በእጅ ሁለት ዙር አዙር፣ ፍታና የተጨፈለቀውን በምላጭ ቆርጠህ ለካው። ከየትኛውም ስሌት በላይ የማምነው ይሄን ነው።

ጌጁ ሲዋሽህ

ተነስቶ ሞቀ፣ የኮምፕሬሽን ጌጅ ትጭናለህ። መጽሐፉ 30 ባር ይላል፣ ያንተ 23 አሳየ። አትደንግጥ። የመጽሐፉ ቁጥር የባሕር ጠለል ነው። ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት እዚያ ካለው ወደ 78 በመቶ ነው። ስለዚህ የመጽሐፉን ቁጥር በ0.78 አባዛው። 30ው 23.4 ይሆናል። ይሄን ሳያውቅ ደህና ሞተር ፈትቶ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) የቀየረ ሰው አውቃለሁ። ሲሊንደሮቹ እርስ በርሳቸው በጣም ከተለያዩ ፋሻ ወይም ቫልቮላ ጠርጥር፤ አራቱም እኩል ዝቅ ካሉ ግን ፋሻ እኩል አልቆ ሊሆን ቢችልም መጀመሪያ ከፍታውንና የጓርኒሲዮኑን ውፍረት አስብ።

የጋሼን ሚኒባስ በቢ መልሼ ሠራሁት፣ የእጅ ዋጋ ሳልጠይቅ። ካንዴሌታዋንም ቀየርኩ። እሳቸው ደባርቅ ሲያድሩ እኔ ጎንደር እንቅልፍ አልወሰደኝም። በ12 ሰዓት ስልክ ስላልመጣ ራሴ ደወልኩ። «ምነው በጠዋቱ?» አሉኝ፤ ከኋላ ሞተሩ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ስጨርስ ብቅታውን፣ የጫንኩትን ፊደል፣ ቴስታታው ስንት እንደተላገ በቀለም ብዕር ቫልቮላ ክዳኑ ሥር እጽፋለሁ። ቀጥሎ የሚፈታው ሰው እኔ ላልሆን እችላለሁ።